የጠዋት ጠያቂ

ወይራ አምባ ውስጥ ጠያቂው የሚመጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በር አያንኳኳም። ከአልጋ ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈችው ክብ ዕቃ ውስጥ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና «እንዴት አደሩ?» ይላል። ድምፁ የባዕድ አይደለም፤ እንደ ደጋው ሰው የቃሉን መጨረሻ ትንሽ ይጎትታል። ቀጥሎ የሚያም ነገር እንዳለ ይጠይቃል። ከዚያ የጎደለ ነገር እንዳለ ይጠይቃል። በመጨረሻ «በሉ ደህና ይዋሉ» ብሎ ይሄዳል፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድምፁ አይሰማም።

በየቤቱ እንዲሁ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፤ መልሱ ወደ ቀጠናው ፕላን ቢሮ ሄዶ ከሌሎቹ መልሶች ጋር ይደመራል። ረዳት ወደ ማን ቤት እንደሚላክ፣ አንሺው ከማን ቤት ወጥቶ ወደ ማን ቤት እንደሚገባ የሚወሰነው በዚያ ነው። አንሺ የሚሉት ሰውን ከአልጋ አቅፎ አንስቶ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠውን ባለ ሁለት ክንድ ማሽን ነው። ማሽኑም ረዳቱም ጥቂት ነው። አዛውንቱ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ማንም ቅር አይሰኝም።

ከተማይቱ ትንሽ ናት። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሁለት ክፍል ብቻ ያስተምራል፤ በቀሩት ክፍሎች ጥቁር ሰሌዳው እንዳለ ሆኖ አልጋ ገብቶባቸዋል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በግድግዳቸው ዙሪያ የእጅ መደገፊያ ብረት አስገጥመዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ እግር ኳስ አለ። መሮጥ ክልክል ነው፤ የሮጠ ተጫዋች ቢጫ ካርድ ያያል። ልጅ ሲወለድ የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ስሙን ይናገራል፤ ሰውም በያለበት በረንዳ ላይ ወጥቶ እልል ይላል። እንዲህ ያለው ቀን በዓመት ውስጥ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ እልልታው ረዘም ይላል።

እማማ ሶልያና የሚኖሩት ከሜዳው በላይ ባለው ሰፈር ነው። ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ እየጨፈሩ በስልክ አጫጭር ቪዲዮ ይለቁ ነበር፤ የማያውቁት ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ሰላም ይላቸው ነበር። አሁን ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ቀኝ እጃቸው ግን ሥራ አልፈታም። ሲተክዙ አውራ ጣታቸው ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ይጠርጋል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይጠርጋል። የዚያ ዘመን ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ። ሐኪሞቹ ስም አውጥተውለት፣ ጉዳት የለውም ብለው ትተውታል።

የምታስታምማቸው አንድ ልጃቸው ናት፤ ምንትዋብ ትባላለች፤ ሃምሳዎቹን አጋምሳለች። ከከተማው በላይ ጋራው ላይ ከተደረደሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ምሰሶዎች ላይ እየወጣች የምትጠግን ባለሙያ ነበረች። ደመና ከእግሯ ሥር ሲያልፍ ማየት ለምዳ ነበር። እናቷ ግማሽ አካላቸው ሲያዝባቸው የመወጣጫ ቀበቶዋን አስረክባ ወረደች። ከዚያ ወዲህ ቀኗ በእናቷ ገላ የተከፋፈለ ነው፤ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማንሳት፣ መልሶ ማስተኛት። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲላት «እማ ደህና ናት» ብላ ትመልሳለች። ራሷም ልብ አትለውም፤ ጠያቂዎቿም ልብ አይሉትም።

ነገሩ የተጀመረው አንሺውን ከእነምንትዋብ ቤት ሊወስዱ የመጡ ዕለት ነው።

ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፤ ትሑት ሰዎች ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ። ምንትዋብ የእናቷን ፎጣ እያጠፈች ነበር።

«የት ልትወስዱት ነው?»

«ቆላ፤ እዚያ የባሰባቸው ሰዎች አሉ» አለ አንደኛው። «የእናትሽ ሁኔታ ተሻሽሏል ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

ሰውዬው እጁ ላይ ያለውን፣ መረጃ የሚያነብበትን መስታወት አየና ትንሽ አፈረ። «እሳቸው ናቸው። ሁልጊዜ ‹ደህና ነኝ፣ ተመስገን› ነው የሚሉት። ምንም አይጎድለኝም ይላሉ። ረዳቷም ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አትመጣም።»

እማማ ሶልያና ከአልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙ። «ይውሰዱት ልጄ፤ የባሰበት አለ ይላሉ እኮ» አሉ። ሠራተኞቹንም መርቀው ሸኟቸው።

ያን ቀን ማታ ምንትዋብ እናቷን በክንዷ አቅፋ ስታስተኛ ወገቧ ውስጥ አንድ ነገር ሲሳብ ተሰማት፤ ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው። በማግስቱ ጠያቂው ከመምጣቱ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ ዛሬ ሲጠይቅሽ እውነቱን ንገሪው።»

«መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ?»

«ተመስገን ብቻ አትበይዋ። መነሳት አልችልም በይ። ሌሊት ጎኔን ያቃጥለኛል በይ። ስታለቅሺ አይደል ያደርሽው?»

እማማ ሶልያና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ጎደለኝ ካልኩት፣ አንቺ አጎደልሽብኝ ማለት አይደለም እንዴ? እዚህ ቤት ውስጥ ካንቺ በቀር ማን አለ? ፊቱን ለማላውቀው ሰው ልጄን ልክሰስ?»

«ክስ አይደለም እኮ እማ። እርዳታ ነው።»

«ላንቺ እርዳታ ነው። ለእኔ አፌ ውስጥ ሲገባ ክስ ነው የሚሆንብኝ» አሉ፤ ጉዳዩም አለቀ።

ጠያቂው ሲመጣ እማማ ሶልያና ደህና ማደራቸውን ተናገሩ፤ አምላካቸውን አመሰገኑ። ምንትዋብ አልቻለችም፤ «ውሸት ነው! ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም!» ብላ ጮኸች። ጠያቂው በዚያው በለሰለሰ ድምፁ «እባክዎን አዛውንቷ ራሳቸው ይመልሱ» አላት። ቀደም ሲል እርዳታ ለማግኘት ሲሉ የወላጆቻቸውን ሕመም የሚያጋንኑ ሰዎች ስለነበሩ ነው እንዲህ እንዲሆን የተደረገው። ደንቡ ለማንም ክፋት ታስቦ የወጣ አይደለም።

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። ምንትዋብ ለማንሳት የራሷን ዘዴ አበጀች፤ ድሮ ምሰሶ ላይ ዕቃ ይጎትቱበት እንደነበረው በወፍራም ጨርቅ እናቷን ከብብታቸው ሥር አስራ፣ ጉልበቷን አልጋው ላይ አስደግፋ ትስብ ነበር። ዘዴው ይሠራ ነበር። ወገቧ ነው ያልቻለው።

አንድ ጠዋት፣ ጠያቂው ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው፣ እናቷን አጋምሳ እንዳነሳቻቸው ወገቧ ተሰነጠቀ፤ ለሷ የተሰማት እንደዚያ ነው። እናቷን ወደ አልጋው ገፋ አድርጋ ለቀቀቻቸው፤ እሷ ወለሉ ላይ በደረቷ ወደቀች። እግሯን ልታንቀሳቅስ ሞከረች፤ አልታዘዝ አላት። ድምፅ ለማውጣት ትንፋሽ አጠራት።

«ምንቴ! ምንቴ፣ ምን ሆንሽ?»

እማማ ሶልያና አንገታቸውን አስግገው ማየት የቻሉት የልጃቸውን ጸጉርና የተዘረጋ እጇን ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ ጠያቂው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ ተመስገን» አሉ፤ አፋቸው ቀደማቸው። ወዲያው ደንግጠው «ኧረ ልጄ! ልጄ ወድቃለች!» አሉ።

«እንኳን ደህና አደሩ። የሚያምዎት ነገር አለ?»

«እኔን ምንም አላመመኝም! ልጄ ናት፣ ወለሉ ላይ ናት፣ አትነሳም!»

«ምንም ባለማመምዎ ደስ ብሎናል። የጎደለዎት ነገር አለ?»

«እኔ ምን ይጎድለኛል! እሷ ናት እያልኩህ! ሰው ላክ!»

«የምጠይቀው ስለ እርስዎ ብቻ ነው። ምንም አልጎደለም ብዬ ወስጃለሁ። በሉ ደህና ይዋሉ።»

ክቧ ዕቃ ጸጥ አለች። እማማ ሶልያና ደጋግመው ጠሩት፤ አልመለሰም። የአደጋ መጥሪያው ቁልፍ በሩ አጠገብ ነው፤ እጃቸው አይደርስበትም። ወለሉ ላይ ምንትዋብ ፊቷ ወደ አልጋው እግር ዞሮ፣ ዓይኗን ገልጣ «እማ፣ አይዞሽ» ትላለች በሹክሹክታ። የወደቀችው እሷ፣ አይዞሽ የምትለው እሷ።

ያን ጊዜ እማማ ሶልያና ኡኡ አሉ።

ከሕመማቸው ወዲህ ድምፃቸው ከክፍሉ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ይህኛው ግን ከየት እንደመጣ እሳቸውም አያውቁም። ቀኝ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨብጦ፣ አንገታቸው ተገትሮ «ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ! ጎረቤት! ልጄን!» እያሉ ጮኹ። ክቧ ዕቃ ለአፍታ ነቅታ «የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ብሏል፤ ልቀንሰው?» አለች።

ከግድግዳው ወዲያ ጋሽ ዮፍታሔ ቁርስ ላይ ነበሩ። ሰባውን ያለፉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሜዳውን ጨዋታ በዳኝነት የሚመሩ ሰው ናቸው። ኡኡታ ከሰሙ ረጅም ዘመን ሆኗቸዋል። አሁን አሁን ሰው አደጋ ሲደርስበት ቁልፍ ይጫናል እንጂ ኡኡ አይልም። ቢሆንም አልተምታታባቸውም። ከወንበራቸው ተነስተው ሮጡ። በራሳቸው ሕግ ቢጫ ካርድ የሚያሰጥ ሩጫ ነበር። በሩ አልከፈት ሲላቸው በትከሻቸው ገጩት፤ በሦስተኛው ተበረገደ።

«አለሁ፣ ሶልያና! አለሁ! የታለች?»

ቆይቶ ሰው ሲጠይቃቸው፣ መጀመሪያ ያዩት ወለሉ ላይ ያለችውን ምንትዋብን ሳይሆን የእማማ ሶልያናን እጅ እንደነበር ተናግረዋል። ብርድ ልብሱን ሲጠርግ የሚውለው አውራ ጣታቸው መጥረጉን አቁሞ ነበር።

ጋሽ ዮፍታሔ ከምንትዋብ ራስ ሥር ጨርቅ አደረጉላት እንጂ አላነሷትም፤ አምቡላንስ ጠሩ። ሠራተኞቹ እስኪደርሱ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸው የሷን እጅ፣ ሌላው ወደ ላይ ተዘርግቶ የእናቷን እጅ ይዞ ቆየ።

ጤና ጣቢያ ያሉት ሐኪም የጀርባዋ ዲስክ ተንሸራቷል አሏት። እግሯ ይመለሳል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ሰው ማንሳት ይቅርና ባልዲ እንዳታነሳ ተባለች። ምንትዋብ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እማን ማን ያነሳታል?» አለች።

መልሱ ሰፈር ውስጥ ነበር። የዕድሩ ሰዎች ጋሽ ዮፍታሔ ቤት ተሰበሰቡና ተራ አወጡ። አንድ ሰው ብቻውን እንዳያነሳ ተስማሙ፤ ሁሉም የራሱ ወገብ የሚያሰጋው ነው። ጠዋት ሁለት ሰው ይመጣል፣ ማታ ሁለት ሰው። የማይችል ምግብ ያመጣል። ምንትዋብ የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ታጥቃ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ እናቷን ታጥበው፣ ጸጉራቸው ተሠርቶ፣ በንጹሕ አንሶላ ላይ ተኝተው አገኘቻቸው። ከእናቷ ትይዩ ለሷ ሌላ አልጋ ተዘርግቷል። በዚያ ላይ ተጋደመችና፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሌላ ሰው እናቷን ሲያጎርስ አየች። እንባዋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በሳምንቱ ከፕላን ቢሮው ሰው መጣ። ወለላ የምትባል ናት፤ አርባ አልሞላትም። የቀጠናውን የአረጋውያን አገልግሎት የአምስት ዓመት ዕቅድ ከሚያዘጋጁት አንዷ ናት። ዕቅዱ ለምክር ቤት ሊቀርብ ቀናት ቀርተውታል። በዕቅዱ መሠረት የወይራ አምባ የረዳቶች ጣቢያ ተዘግቶ ሠራተኞቹም ማሽኖቹም ወደ ቆላው ከተሞች ይዛወራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቀጠናው ውስጥ እንደ ወይራ አምባ ደህና ነኝ የሚል ከተማ የለም።

ወለላን ያስነሳት ሌላ ቁጥር ነው። «አዛውንቶቻችሁ ደህና ናቸው» አለቻት ምንትዋብን፣ አልጋው አጠገብ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣ። «ግን ጤና ጣቢያው ወገባቸው የተጎዳ፣ ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች በዝተዋል ይላል። ሁሉም በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ሁለቱ አብረው አልሄዱልኝም። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲህ እማን ጠይቂያት» አለች ምንትዋብ። «እኔን ከጠየቅሽኝ አጋነነች ይሉሻል።»

ወለላ ወደ እማማ ሶልያና ዞረች። «እማማ፣ ምን ይቸግርዎታል?»

«ምንም፣ ልጄ። ተመስገን።»

«ምን ቢደረግልዎት ይወዳሉ?»

«አንቺ መጣሽልኝ፤ ከዚህ በላይ ምን?»

ወለላ እንደገና በሌላ መንገድ ሞከረች፤ መልሱ አንድ ነው። እጇ ላይ ያለውን መስታወት አጠፋችና ተነሳች። ተስፋ መቁረጧ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። «በሉ እማማ፣ ልሂድ፤ ይመርቁኝ» አለች፤ ለወግ ያህል።

እማማ ሶልያና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ይባርክሽ። የመጣሽበት ይሳካ። እነዮፍታሔ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሆነው አነሱኝ፣ ጉልበታቸውን ያድስላቸው። የጎረቤታችን የዘውዴ ሚስት የሞላ ባልዲ ውሃ ተሸክማ መጥታ አጠበችኝ፣ እጇ አይዛል። ይቺ ልጄ ይኸው ስንት ዓመት ሌሊት እየተነሳች አገላብጣኛለች፤ አንድ ሌሊት ጠግባ አልተኛችም፤ ለሷም እንቅልፍ ይስጣት። ሥራዋን ለእኔ ብላ ትታለች፤ እሱ ይካሳት። በእጇ አንስታኛለች፣ ወገቧ እስኪበጠስ። አምላክ ወገቧን ይመልስላት። አሜን በይ እንጂ!»

ወለላ አሜን አላለችም። ዱካው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ሌሊት ስንቴ ነው የሚያገላብጡዎት?»

«ኧረ እኔ እንጃ! ሦስቴም አራቴም ትነሳለች፣ የኔ ምስኪን። በጠራኋት ቁጥር ነው።»

«ሲያነሱዎትስ? ለብቻዋ?»

«ለብቻዋ! አንበሳ እኮ ናት! እንዴት አድርጋ እንደምታነሳኝ ልንገርሽ...»

ተናገሩ። ብዙ ተናገሩ። ማን ምን እንዳደረገላቸው፣ መቼ እንዳደረገላቸው፣ ሲያደርግላቸው ፊቱ እንዴት እንደነበር አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ስለ ጎደላቸው አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ወለላ ግን እየሰማች ሳለ የቤቱ ጎዶሎ ሁሉ አንድ በአንድ ታያት። ጋሽ ዮፍታሔ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው «ሁላችንም እንዲሁ ነን እኮ» አሏት። «ምን ቸገረህ ስትይኝ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነግርሽም። ማን ረዳህ ካልሽኝ ግን እስከ ማታ አወራሻለሁ። የሰው ውለታ እንዴት ይደበቃል?»

ወለላ ከኪሷ ስልኳን አውጥታ በረንዳው ላይ ወጣች። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ምንትዋብ ሳትፈልግ ሰማቻት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ... ደህና ነኝ። አንቺስ?... ለጠያቂው የምትመልሽውንማ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ፤ ደህና ነኝ እንዳልሽ አያለሁ።» ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። «እማዬ፣ ትናንት ማን ረዳሽ?... ምነው? ጎረቤት ለምን ከመታጠቢያ ቤት አወጣሽ? መቼ ነው የወደቅሽው?»

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጋሽ ዮፍታሔ ዱካዋን ወደ መስኮቱ ቀረብ አደረጉላት።

ወለላ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ወይራ አምባ ሰነበተች። ጋሽ ዮፍታሔ እየመሩ በየቤቱ ወሰዷት። በየቤቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ በየቤቱም ምሳ ሳትበላ አልወጣችም።

ምክር ቤቱ የተሰበሰበው በከተማው ትልቁ አዳራሽ ነው። ምንትዋብን ይዘዋት ሄዱ። መቀመጥ ከመቆም ይበልጥ ስለሚያማት የፊት ወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆመች። ወለላ ያየችውን አቀረበች፤ ጣቢያው እንዳይዘጋ፣ ጥያቄው እንዲለወጥ፣ አስታማሚዎችም በዕቅዱ ውስጥ በራሳቸው እንደ ሰው እንዲቆጠሩ ጠየቀች። አንድ የምክር ቤት አባል እጃቸውን አወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቆላው ውስጥ የሚጠብቃቸው ሕዝብ አላቸው።

«ያመሰገነን ሰው እንደተቸገረ ልንቆጥር ነው?» አሉ። «እኛ ዘንድ ቸግሮኛል ያለ ሰው አለ። የሱን ወስደን ተመስገን ላለው እንስጥ?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ወለላ መልስ ስትፈልግ ምንትዋብ «ልናገር?» አለች።

«እናቴ ምንም አልጎደለኝም ያለችው እውነቷን ነው» አለች። ድምፅ ማጉያው አልደረሰላትም ነበር፤ ሰው ዝም ብሎ አዳመጣት። «ያልጎደላት እኔ ስላለሁ ነው። እኔ ስወድቅ ደግሞ ጎረቤቶቼ ስላሉ ነው። አንሺውን ከቆላው ሰው ወስዳችሁ መልሱልን አላልኩም፤ እሱም እናት አለው። እኛንም ቁጠሩን ነው የምለው። እናቴን ስትጠይቁ እኔ ወለሉ ላይ ነበርኩ፤ አልታየሁም። እኛ ከታየን ማን ምን እንደሚያስፈልገው ያን ጊዜ ተነጋገሩ። ቢያንስ እውነቱ ላይ ቆማችሁ ትነጋገራላችሁ።»

ውይይቱ ብዙ ሰዓት ወሰደ። የሌሊት ረዳት ይመደብ የተባለው ወደቀ፤ ሰው የለም ተባለ፤ እውነትም የለም። ጣቢያው ግን አልተዘጋም። አንሺዎቹ በሁለት ከተሞች መሐል በፈረቃ እንዲዞሩ ተወሰነ። አስታማሚ የሆነ ሁሉ በየዓመቱ የዕረፍት ጊዜ እንዲኖረው፣ በዚያ ጊዜም ቤቱ በረዳት እንዲሸፈን ተደነገገ። ድምፅ ሲሰጥ እኚያ ተቃውመው የነበሩት አባል እጃቸውን ለድጋፍ አወጡ። ሲወጡ ምንትዋብ አጠገብ ቆም ብለው «የእኔ እህት ናት እናታችንን የምትይዘው» አሉና ሄዱ።

አሁን ጠያቂው ሲመጣ «ትናንት ማን ደገፈዎት?» ይላል። እማማ ሶልያና ይህን ጠያቂ በጣም ወደውታል። ሰው ሁሉ በስሙ ይመሰገናል፤ ያልመጣም ሰው ቢሆን ለመምጣት በማሰቡ ይመሰገናል። ጠያቂው አንዳንድ ቀን እየዘገየ ሌላ ቤት የሚደርሰው በእሳቸው ምክንያት ነው ይባላል።

የምንትዋብ ተራ የደረሰው ክረምቱ ሲወጣ ነው። አረጋሽ የምትባል ረዳት ከቆላ መጣች፤ ሳቂታ፣ ክንዷ የጠነከረ ሴት ናት። እማማ ሶልያና መጀመሪያ ተግደርድረው ነበር፤ ምሳ ሳይደርስ ግን የወጣትነታቸውን ጭፈራ በአንድ እጃቸው እያሳዩዋት ሲስቁ ተሰሙ። ምንትዋብ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጋሽ ዮፍታሔ ናቸው ሻንጣውን ከእጇ የወሰዱት።

«ሂጂ» አሏት። «እኛ አለን። ሂጂ በቃ።»

የአስታማሚዎች ማረፊያው ቆላው ውስጥ፣ ፍልውሃ ያለበት ቦታ ነው። እዚያ የሚመጡ ሰዎች የመጀመሪያውን ቀን ምን እንደሚያደርጉት አያውቁም። ምግብ ሲቀርብላቸው አጠገባቸው ላለው ሰው ያቀርባሉ። ጎህ ሲቀድ ሁሉም በየክፍሉ ነቅቶ፣ የሚያነሳው ሰው አጥቶ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ምንትዋብም እንደዚያው ሆና ነው ያደረችው።

ከቁርስ በኋላ ወደ ፍልውሃው ወረደች። እዚያ እንግዶችን የምታጥበው ሴት በዕድሜ የሷ እኩያ ትሆናለች፤ ስሟን አልነገረቻትም። ድንጋይ መቀመጫ ላይ አስቀመጠቻት፤ ቀበቶዋን ቀስ ብላ ፈታችላት። በመዳፏ ጀርባዋን ዳሰሰች፤ የሚያመውን ቦታ ሳትነገራት አገኘችውና እጇን አለዘበች።

«ቆሞ መሥራት ነው ወይስ ሰው ማንሳት?» አለቻት።

«ሰው ማንሳት።»

«ማንን?»

«እናቴን።»

ሴትየዋ በጣሳ ቀድታ ከትከሻዋ ላይ አፈሰሰችላት። ውሃው በጀርባዋ ወረደ። ምንትዋብ እጆቿ ጭኗ ላይ ሥራ ፈተው ተቀምጠው አየቻቸው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰሏት።

«እንዴት ነው ውሃው?»

ምንትዋብ «ደህና ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ሴትየዋ ጣሳውን እንደያዘች፣ ሳትቸኩል ትጠብቃት ነበር።

«ትንሽ ያቃጥላል» አለች ምንትዋብ።

«እሺ የኔ እናት» አለች ሴትየዋ፤ ቀዝቃዛውን ጨመረችበትና በእጇ አማሰለችው። እንደገና ስታፈስላት ልክ ሆኖ ነበር። ምንትዋብ ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን ወደ ሴትየዋ እጅ አዘንብላ፣ «ተባረኪ» አለቻት። ሴትየዋም «አሜን» ብላ ጸጉሯን ትፈታላት ጀመር።